የአገዳው ወንበር

«ኧረ ጥርስሽን ከቱቦው ላይ አንሺ! የወንድሜን ወንበር እግር እኮ በላሽው!»

ሐረገወይን የነከሰችውን የማሽላ አገዳ ከአፏ አውጥታ አየችው። እውነትም አንዱን ጫፍ እስከ አንጓው ድረስ ልጣ ጨርሳዋለች። የእሷ ጥፋት ብቻ ነው እንዳይባል የአይከል አገዳ ሲጣፍጥ ሌላ ነው፤ ለሥራ ብሎ ያመጣው ሰው ግማሹን መጦ በግማሹ ነው የሚሠራው።

«አንድ ሳንቲ ብቻ እኮ ነው የቀነስኩት» አለች እየሳቀች።

«እዚህ ናሙናው ላይ አንድ ሳንቲ ማለት እዚያ ብረቱ ላይ ሦስት ሳንቲ ነው፣ ጓድ መሐንዲስ! ባንቺ ሆዳምነት ወንድሜ ዕድሜ ልኩን አዘንብሎ ይሂድ?»

ባንቺአየሁ ይህን ስትል ፊቷ ሁሉ ይስቅ ነበር። ሁለቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የተቀመጡት በአንዳርጋቸው የብረት አልጋ ላይ ነው። መካከላቸው ከአገዳ የተሠራች፣ ከክንድ የማትበልጥ ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ቆማለች። መጋጠሚያዋ ሁሉ በግራር እሾህ የተሰካ ሲሆን ጎማዎቿ የክር ማጠንጠኛዎች ናቸው።

አንዳርጋቸው የባንቺአየሁ ታላቅ ወንድም ነው። ዐምና አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሁለት እግሩን ከጉልበቱ በታች ሰሜን ጦር ግንባር ላይ ትቶ አሁን አሥመራ ሆስፒታል ተኝቷል። «ለገና ቤቴ ነኝ፤ እናቴን አታስለቅሷት» ብሎ በሰው ልኳል። እግር የሌለው ሰው ደግሞ ከቀሃ ወንዝ በላይ ባለው በእነሱ ዳገት እንዴት ብሎ ይወጣል፣ እንዴትስ ይወርዳል? ወንበር ያስፈልገው ነበር። ወንበሩ የብረት ቱቦ ይፈልጋል፤ ቱቦ ደግሞ በጎንደር ከተማ ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም።

«አልጋው ራሱ ቱቦ አይደል እንዴ?» ያለችው ባንቺአየሁ ናት።

እናቷ ወይዘሮ ይርገዱ ይህን ሲሰሙ የአልጋውን ፍራሽ አስተካከሉ። በመጨረሻ «እሱ ይምጣልኝ እንጂ መደብ ላይም ይተኛል» ብለው ፈቀዱ።

ከፒያሳ በታች ብየዳ ቤት ያለው ጋሽ ካሣዬ ግን የራሱ ደንብ አለው። «እኔ ብረት በወሬ አልቆርጥም» አላቸው። «ብረት አንዴ ከተቆረጠ አይበቅልም። በአገዳም ይሁን በሽቦ ናሙናውን ሠርታችሁ አሳዩኝ። በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ገፍቼ ካልሆነ መጋዜን አላነሳም።»

ስለዚህ ወሩን ሙሉ ሲሠሩ ከረሙ። መጀመሪያ መምህር አድማሴ በንድፍ ክፍለ ጊዜ እንዳስተማሯቸው ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሚታየውን በወረቀት ሣሉ። በወረቀት ላይ ወንበሩ ንጉሥ የሚቀመጥበት ይመስል ነበር። በአገዳ ሲሠሩት ግን ጣት ሲነካው ወደ ጎን ተኛ። መምህር አድማሴ አይተው ሳቁና «አራት ማዕዘን ብቻውን ሰካራም ነው፤ ሰያፍ ጣሉበትና ይቁም» አሏቸው። ከማዕዘን ማዕዘን አንድ አገዳ ቢሰኩበት ቀጥ አለ። ባንቺአየሁ የዚያን ቀን ጮኻ ጎረቤት ልትሰበስብ ነበር። የመቀመጫውን ስፋት የወሰዱት ከአንዳርጋቸው የትምህርት ቤት ሱሪ ወገብ ነው። ፍሬኑንም አልረሱትም፤ ያለ ፍሬን በዚያ ቁልቁለት የለቀቁት ሰው ቀሃ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ወይዘሮ ይርገዱ የሽምብራ እሸት ይዘው ገቡ። እሸቱን ልጆቹ መሀል አስቀምጠው ወደ አልጋው ራስጌ ሄዱ። ራስጌው ላይ አረንጓዴው ቀለም ተልጦ ብረቱ የሚያበራበት አንድ ቦታ አለ። አንዳርጋቸው ተጋድሞ ሲያጠና እጁን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነበር። ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ያን ቦታ ወልወል አደረጉት።

«ይቺን ቦታ አትጣሏት» አሉ። «የእጅ መደገፊያው አድርጉለት። እጁ ያውቃታል።»

ባንቺአየሁ ከመርፌ መያዣው ቀይ ክር አወጣችና በናሙናዋ የቀኝ መደገፊያ አገዳ ላይ አሰረችው። ሐረገወይን ዓይኗን ወደ እሸቱ መለሰች፤ ማልቀስ አምሯት ነበር፤ ግን የደስታ ዓይነት ለቅሶ ነው።

«በቃ፣ ነገ ጠዋት ነው!» አለች ባንቺአየሁ። «አልጋውን የሚሸከሙ ጎረቤቶች አግኝተናል። ጋሽ ካሣዬ ናሙናውን ያያል፤ ከዚያ ይቆርጣል። አንቺ ደግሞ የበላሽውን እግር ተክተሽ ትመጫለሽ!»

ሐረገወይን ቤቷ ስትደርስ አባቷ አቶ ሐዲስ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ነበር። አቶ ሐዲስ ሆስፒታል ቁስል የሚያጥቡ ድሬሰር ናቸው፤ ከሥራ ሲገቡ መጀመሪያ ታጥበው ነው የሚቀመጡት። እናቷ ወይዘሮ ታየች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«በሩን ዝጊው» አሉ አባቷ።

ዘጋችው።

«ከእነ ይርገዱ ቤት ነው የመጣሽው?»

«አዎ አባባ። ጨረስን እኮ! ነገ ሊቆረጥ ነው።»

አባቷ መሬት መሬት አዩ። «አንዳርጋቸው አርፏል ልጄ። ቁስሉ አልድን ብሎት። አብሮት ተኝቶ የነበረ ወታደር ዛሬ ወደ እኛ ሆስፒታል መጥቶ ነገረኝ። እዚያው ቀብረውታል።»

ሐረገወይን በመጀመሪያ ያሰበችው ነገር ኋላ ባስታወሰችው ቁጥር ያሳፍራታል። የነከስኩትን እግር መተካት አለብኝ፣ ብላ ነበር ያሰበችው። ከዚያ በሩ ሥር ቁጭ አለች።

«ነገ ማታ የይርገዱ ወንድም አያ ሐብተ ማርያም ከአይከል ይገባል» አሉ አባቷ። «እሁድ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ይረዳሉ። እስከዚያ ካንቺ አፍ አንዲት ቃል እንዳትወጣ።»

«አልጋውስ?» አለች ሐረገወይን። «ነገ ጠዋት እኮ አልጋውን ሊያስቆርጡት ነው!»

ወይዘሮ ታየች ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱት። «ወይኔ ይርገዱ! ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ልብሱን ምን ላይ አንጥፋ ልታለቅስለት ነው?»

ሐረገወይን ይህን ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው ልጅ ግንባር ላይ ሲሞት አልጋውን አውጥተው ግቢ ውስጥ አቁመው፣ ልብሱን እንደተኛ ሰው አንጥፈው ነው ያለቀሱለት። አስከሬኑ በሌለበት አልጋው ነው አስከሬኑ። አሁን ደግሞ እሷና ባንቺአየሁ የአንዳርጋቸውን አልጋ የት የት እንደሚቆረጥ በኖራ ምልክት አድርገውበታል።

«እንግዲያው ልንገራት!» አለች። «ለባንቺአየሁ ብቻ። በጆሮዋ።»

«በጆሮዋ ነግረሽ በአፏ እሪ ስትል እናቷ አትሰማም?» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «የይርገዱን የልብ ሕመም እኔ አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ሆስፒታል ተሸክሜያታለሁ። ወገቧን የሚይዝ ወንድም ሳይኖር፣ ዘመድ ሳይከባት ብትሰማ ሁለት ሞት ነው። መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም ሐረግ።»

«አልጋውን ተዉት በሏቸው እንግዲያ! አንተ ሂድና ንገራቸው።»

«እኔ ሄጄ ምን ብዬ? የሆስፒታል ሰው በጠዋት መጥቶ የልጅሽን አልጋ አትንኪ ቢላት ምን የቀራት አለ? ነገሩ ወዲያው ነው የሚገባት።» አባቷ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ብረት ነው። ይሁን። ምን እናድርግ።»

ሐረገወይን ግን ይሁን ማለት አቃታት። የወይዘሮ ይርገዱ ነጠላ ራስጌውን ሲወለውል ነው የሚታያት።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋው ፍራሹ ወርዶለት፣ በጠፍር ታስሮ የእነባንቺአየሁ ደጅ ቆሞ ሳለ ሐረገወይን ደረሰች። ሁለት ጎረቤቶች ወዲያ ግድግዳ ተደግፈው ሊሸከሙት ይጠብቃሉ። ባንቺአየሁ ለዓመት በዓል የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ናሙናዋን እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

«የት ቀረሽ? እግሩን እኔው ተክቼልሻለሁ፤ ሆዳም!» አለቻትና ጉንጯን ሳመቻት። «ምነው? አሞሻል እንዴ?»

«ራሴን ትንሽ...» ሐረገወይን የታሰረውን አልጋ አየችው። «ባንቺዬ፣ እስከ ሰኞ ብናቆየውስ?»

«ለምን ሲባል?»

«ልኩ ልክ አይመስለኝም። የፊተኛው ቱቦ አጥሯል። ቁልቁለት ላይ በፊቱ ይደፋዋል።»

ባንቺአየሁ ሳቋን አቆመች። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። «ትናንትና እኮ ልክ ነው ብለሻል።»

«ሌሊት ሳስበው አደርኩ።»

«እሺ፤ እንየዋ!»

አንድ ጣውላ ከደጃፉ ወደ ግቢው አጋደመች። ከሰፈራቸው ዳገት የበለጠ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነበር። ድንጋይ በጨርቅ ጠቀለለችና የናሙናዋ መቀመጫ ላይ አሰረችው። «ወንድም ዓለም፣ ያዝ እንግዲህ!» ብላ ለቀቀችው።

ሐረገወይን በልቧ ተገልበጪ፣ ተገልበጪ እያለች ለመነቻት። ናሙናዋ አልተገለበጠችም። በጣውላው ላይ ቀጥ ብላ ወረደች፤ አንድ ጉብታ ስትዘል ትንሽ ነቀነቃት፤ ሰያፉ ያዛት። ከዚያ በጸጥታ መጥታ ሐረገወይን ጫማ ሥር ቆመች። እንደዚያ ያማረ ነገር ሐረገወይን በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። አብራ ስለሠራችው ልቧ ኮራ።

«አየሽ?» አለች ባንቺአየሁ እያጨበጨበች። «እናንተ፣ እንግዲህ አንሱት! እንሂድ!»

ሰዎቹ ጎንበስ ብለው አልጋውን ያዙ።

ሐረገወይን እግሯን አነሳችና ናሙናዋን ረገጠቻት።

አገዳው ሲሰበር ቀስ ብሎ አልነበረም፤ ጧ፣ ጧ እያለ ነው። ደግማ ረገጠች። አንድም አገዳ እንዳይተርፍ ፈራች፤ አንድም ሳይተርፍ እንዳይቀርም ፈራች። ቀና ስትል ሰዎቹ አልጋውን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል።

ባንቺአየሁ ለጊዜው የሆነው አልገባትም። ድንጋዩን ከጨርቁ ጋር አነሳችና ደረቷ ላይ ያዘችው። «ምን... ምን አደረግሽ?»

«አልኩሽ እኮ! ልኩ ልክ አልነበረም!» ጮኸች ሐረገወይን። «መሥራት አትችይም! ይደፋው ነበር!»

የባንቺአየሁ ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ። «ምቀኛ!» አለች። «መምህር አድማሴ የእኔን ንድፍ ሰሌዳ ላይ ከለጠፉት ቀን ጀምሮ አንጀትሽ አሯል፤ አውቄዋለሁ! ወንድም ቢኖርሽ ይገባሽ ነበር! ምን ታውቂያለሽ አንቺ? ምን ታውቂያለሽ?»

ሐረገወይን አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የዚያኔ ወይዘሮ ይርገዱ ከጓዳ ወጡ፤ «ምነው ልጆቼ? ምነው በሸጋ ቀን ትጣላላችሁ?» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ልጄ ለገና ይመጣል የሚል ተስፋ አለ። ሐረገወይን አፏን ዘጋች። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን በቀሚሷ ጫፍ ሰበሰበችና ሮጠች።

ከኋላዋ አንደኛው ሰው «እንግዲህ ካሣዬ ያለ ናሙና አይቆርጥም፤ ይግባ አልጋው» ሲል ሰማች። እሷ የፈለገችውም ይኸው ነበር። የፈለገችውን አግኝታ እንደዚያ ያለቀሰችበት ቀን የለም።

እሁድ ሰማይና ምድሩ ገና ሳይላቀቅ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ ወጣ። አያ ሐብተ ማርያም ከፊት ናቸው። ሐረገወይን የእናቷን ነጠላ ይዛ ከኋላ ተከተለች።

ወይዘሮ ይርገዱ በሩን ከፍተው ሰዉን አዩ። ወንድማቸውን አዩ። «ምነው ሐብቴ? በዚህ ሰዓት ከአይከል?» ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ቀረብ አሏቸው። «የለም!» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። «ለገና እኮ ነው ያለኝ! ለገና ነው የሚመጣው! ወንበሩ እኮ አላለቀም!»

ከዚያ በኋላ የነበረው ጩኸት ነው። አያ ሐብተ ማርያም የእህታቸውን ወገብ ይዘው አብረው ወደቁ።

ፀሐይ ስትወጣ ወንዶቹ አልጋውን አወጡት። ግቢው መሀል አቆሙት። የአንዳርጋቸውን ሰማያዊ ሹራብ፣ ወገቡን የለኩበትን ሱሪና ጋቢውን እንደተኛ ሰው አነጠፉት። ሱሪው ሙሉ ነበር፤ ሁለት እግር ያለው። የኖራ ምልክቶቹ ብረቱ ላይ ገና አልጠፉም። ወይዘሮ ይርገዱ በጉልበታቸው እየዳሁ ወደ ራስጌው ሄዱና መዳፋቸውን ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ላይ ጫኑት።

«እጁ እዚህ ነበር!» አሉ። «የልጄ እጅ እዚህ ነበር!» ከዚያ ቦታ ማንም ሊያላቅቃቸው አልቻለም።

ባንቺአየሁ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ፊቷን ነጭታ ነጭታ ደም አልብሳዋለች። አልጋውን አየች፤ የኖራውን ምልክት አየች። ከዚያ ዓይኗ ሰዉን አቋርጦ ሐረገወይን ላይ አረፈ። ቀስ ብላ መጣች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዓርብ ማታ።»

«ስትረግጪው ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስረግምሽ አደርኩ» አለች ባንቺአየሁ። ድምፅዋ ተዘግቷል። «ወንድሜ ሞቶ እኔ ስላንቺ ነው ያለቀስኩት። ስላንቺ! ያ ሌሊት የእሱ ነበር።»

ሐረገወይን አልጋው እንዳይቆረጥ ብዬ ነው ልትል ትችል ነበር፤ ግን አልጋው እዚያው ነው፤ ለባንቺአየሁም ይታያል። ነገሩ ገብቷታል። ቢገባትም አላዳናትም።

«ልኩስ?» አለች ባንቺአየሁ።

«ምን?»

«የፊተኛው ቱቦ። አጥሯል ያልሽው።»

«አላጠረም» አለች ሐረገወይን። «ልክ ነበር። አንቺ እንዳልሽው ነበር። ምንም አልጎደለውም።»

ባንቺአየሁ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዞረችና እናቷ አጠገብ ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከገና በኋላ ባንቺአየሁ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። ከሐረገወይን ጋር በሚጋሩት ዴስክ ላይ አልተቀመጠችም፤ መስኮቱ ሥር ሄደች። በንድፍ ክፍለ ጊዜ መምህር አድማሴ ስሟን ሲጠሩ «አቤት» አለች እንጂ እርሳሷን አላነሳችም። ሐረገወይን በዕረፍት ሰዓት ሦስት አራቴ አጠገቧ ደርሳ ተመለሰች። ይቅርታ ልትል ነበር፤ ግን ይቅርታው ለየትኛው እንደሆነ አላወቀችም። ለመርገጧ ነው? ለዝምታዋ ነው? አልጋው ተርፎላቸዋል። ወይዘሮ ይርገዱ አሁን የሚተኙት እሱ ላይ ነው፤ እጃቸውን ራስጌው ላይ አድርገው። ያንን ያተረፈ ሰው ሌላው ነገር ሊተርፍለት አልቻለም።

ከዚያ አንድ ቀን ሐረገወይን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በገበያ በኩል ዞረች። የአይከል ሰዎች የመጨረሻውን አገዳ ይሸጡ ነበር። አንድ እስር ገዛች። መንገድ ላይ አንዱንም አልነከሰችም።

ቤቷ ገብታ ከአልጋዋ ሥር ያስቀመጠችውን ጨርቅ ፈታች። ስብርባሪው እንዳለ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ በማስመሪያ ለካችና አዲሱን አገዳ በእሱ ልክ ቆረጠች። ፊተኛው ትንሽ ቢረዝም ይሻላል ብላ በልቧ ታምን የነበረበት ቦታ እንኳ አለ፤ አልነካችውም። ሁሉም በባንቺአየሁ ልክ ይሁን። እሾሁ ጣቷን ሲወጋት ጣቷን ጠባ ቀጠለች። ሰያፉን ስትሰካው ክፈፉ ቀጥ አለና ቆመ።

ቀይ ክር የታሰረበት አገዳ አልተሰበረም ነበር። እንዴት እንደተረፈ አታውቅም። በቀኙ መደገፊያ ቦታ ሰካችው።

አባቷ ከሥራ ገብተው በሩ ላይ ቆመው አዩዋት። «ለማን ነው?»

«ለባንቺአየሁ።»

«አሁን ምን ያደርግላታል ልጄ?»

ሐረገወይን ናሙናዋን በሁለት እጇ አቅፋ ተነሳች። ዳገቱን ቀስ ብላ ወጣች፤ አንድም እሾህ እንዳይላላ እርምጃዋን እየመጠነች። የእነባንቺአየሁ ደጅ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ናሙናዋን ደፉ ላይ አስቀመጠችና አንኳኳች።

ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆመች። ከፈለገች ባንቺአየሁ ትርገጣት። በዚህኛው ተራ የሚረግጠው እግር የእሷ ነው።

ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሐረገወይን አልሸሸችም።